የአክሲዮንና የኦፕሽን ኪሳራ በግብር ፊት፦ ስንቱ ይቆጠራል? መቼስ ይቆጠራል?

የካቲት አጋማሽ ላይ የአክስቴ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ከቨርጂኒያ መጣ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬው የሐረጎን ዳገት እየወጣን ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ጦሳን ስለሸፈነው ጉም ብዙ አወራን። ስለ ገንዘብ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሦስተኛው ቀን ሆጤ እናቱ ቤት ተቀምጠን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ከቦርሳው ወፈር ያለ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት። ይህን ለማንም አላሳየሁም» አለኝ።

ወረቀቱ 1099-ቢ የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን የሚያገበያዩ ድርጅቶች በየዓመቱ ለደንበኞቻቸው ይልኩታል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ግብይት ነው፤ የተገዛበት ቀን፣ የተሸጠበት ቀን፣ የወጣበት ገንዘብ፣ የገባበት ገንዘብ። ድምሩ ላይ ስደርስ ዓመቱን ሙሉ ያተረፈው 18,000 ዶላር፣ የከሰረው 41,000 ዶላር ነበር። ሲቀናነስ 23,000 ዶላር ኪሳራ። «ለባለቤቴ አልነገርኳትም» አለ። «ያተረፍኩት ነገር ከሌለ ግብር ስናሳውቅ ባልጽፈው ምን ችግር አለው?»

ደሴ ውስጥ የነጋዴዎችን መዝገብ ስይዝ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የከሰረ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ደሴና ኮምቦልቻ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ስልክ ላይ በአክሲዮንና በኦፕሽን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው) መነገድም ስለተለመደ፣ ለእሱ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በመጀመሪያ «ባልጽፈውስ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የ1099-ቢ አንድ ቅጂ ለአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ ለሚሉት፣ ቀድሞ ተልኳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የተገዙ አክሲዮኖችንና ከ2014 ወዲህ የተገዙ ኦፕሽኖችን በተመለከተ ድርጅቱ የተገዙበትን ዋጋ ጭምር ያሳውቃል። ከዚያ በፊት ለተገዛው ግን መሥሪያ ቤቱ የሚያየው የሽያጩን ገንዘብ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ9,000 ዶላር የገዛኸውን በ6,000 ብትሸጥና ዝም ብትል፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው የ3,000 ዶላር ኪሳራ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ያልተብራራ የ6,000 ዶላር ገቢ ነው። የከሰረ ሰው የግብር ዕዳ ደብዳቤ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ከዚህም ሌላ ኪሳራው ራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ካልተጻፈ ግን ለሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

ኪሳራ የሚሆነው መቼ ነው?

የግብር ሕግ የሚያውቀው ኪሳራ የተዘጋ ኪሳራ ነው። ሰኞ ገበያ ያለ የእህል ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ጤፍ ዋጋው ወርዶ ሊያመው ይችላል፤ እህሉ እስካልተሸጠ ግን ገና አልከሰረም። አክሲዮንም እንዲሁ ነው። ስልኩ ላይ በቀይ የሚታየው ቁጥር ስጋት ነው፤ የሽያጭ ትዕዛዝ የተፈጸመበት ቀን ግን ኪሳራው ቀንና መጠን ያገኛል። ጨርሶ ዋጋ ያጣ አክሲዮን ብቻ ለየት ይላል፤ ድርጅቱ ፈርሶ ወረቀቱ ምንም የማያወጣ ከሆነ፣ በዚያ የግብር ዓመት የመጨረሻ ቀን በዜሮ እንደተሸጠ ይቆጠራል።

የአሜሪካ የግብር ዓመት ለአብዛኛው ሰው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ያበቃል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 አካባቢ መሆኑ ነው። አንድ ሽያጭ ከዚያ ቀን በፊት መዋሉና በኋላ መዋሉ ኪሳራው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይወስናል። የአክስቴ ልጅ ትልቁ መሰናክል የመጣው ከዚህ ሰሞን ነው፤ እመለስበታለሁ።

የ3,000 ዶላሩ በር

«23,000 ዶላሩን ከደመወዜ ላይ እቀንሰዋለሁ ብዬ ነበር» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ አይሆንም። አክሲዮንና ኦፕሽን ለራሱ ገንዘብ የሚገዛና የሚሸጥ ግለሰብ የሚያገኘው ትርፍና ኪሳራ የካፒታል ትርፍና ኪሳራ ይባላል። ደመወዝ ደግሞ ተራ ገቢ ነው። የካፒታል ኪሳራ መጀመሪያ የሚካካሰው ከካፒታል ትርፍ ጋር ነው፤ በዚህ በኩል ገደብ የለውም። 41,000 ብትከስርና 41,000 ብታተርፍ ሙሉ ለሙሉ ይጣፋል። ከትርፉ የተረፈው ኪሳራ ግን ወደ ደመወዝ ለመሻገር ጠባብ በር አለው፤ በዓመት 3,000 ዶላር ብቻ። ባልና ሚስት ለየብቻ ካሳወቁ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 1,500 ነው።

ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አልተነሳም። የዳቦና የቤት ኪራይ ዋጋ ስንት ጊዜ ሲያሻቅብ 3,000 ግን እዚያው ቆሟል። ለትንሽ ቆጣቢ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ትርፉ በወጣበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ ኪሳራው በጠብታ እየተለካ ነው የሚመለሰው። ሕጉ ግን ይህ ነው።

በቁጥር ላሳይ። ከ23,000 ዶላር ውስጥ 3,000 ዘንድሮ ከደመወዙ ይቀነሳል። የመጨረሻው የግብር እርከኑ 22 በመቶ ቢሆን የሚድነው 660 ዶላር ነው። የቀረው 20,000 ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ከእንግዲህ አንድም ዶላር ባያተርፍ በየዓመቱ 3,000 እየቀነሰ የመጨረሻዋን 2,000 የሚጨርሰው በስምንተኛው ዓመት ነው። በመሃል አክሲዮን ሽጦ 15,000 ዶላር ቢያተርፍ ግን ያ ትርፍ በአንድ ጊዜ በተሻገረው ኪሳራ ይዋጣል። ማሻገሩ የዓመት ገደብ የለውም፤ ባለቤቱ እስካለ ድረስ አብሮት ይሄዳል። ሲሞት ግን አብሮት ይቀራል፤ ልጅ ወይም ሚስት አይወርሱትም። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሌላም ነገር አለ። በአንዱ ዓመት 3,000ውን ሳትቀንስ ብትረሳ «በሚቀጥለው ዓመት 6,000 እቀንሳለሁ» ማለት አትችልም። የሚሻገረው ሲሰላ ሊቀነስ ይችል የነበረው እንደተቀነሰ ተደርጎ ነው። የረሳኸውን የምታገኘው የዚያን ዓመት የግብር ማስታወቂያ አርመህ ነው፤ ለዚያም በጥቅሉ የሦስት ዓመት ጊዜ አለ።

ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘና ከዚያ ባነሰ ጊዜ የተሸጠ ንብረት ለየብቻ ይመዘናል። የረጅም ጊዜው ትርፍ ዝቅተኛ ግብር፣ የአጭር ጊዜው ደግሞ እንደ ደመወዝ ያለ ግብር ይከፈልበታል። ሲካካስ መጀመሪያ አጭሩ ከአጭሩ፣ ረጅሙ ከረጅሙ ይጣፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የተረፉት ሁለቱ የሚገናኙት። ዝርዝሩ የሚሞላው ፎርም 8949 ላይ ሲሆን ድምሩ ሸጁል ዲ ወደሚባለው ቅጽ ይሻገራል። የሚሻገር ኪሳራም አጭር ከነበረ አጭር፣ ረጅም ከነበረ ረጅም ሆኖ ይቀጥላል።

ኦፕሽንን በቀብድ እንየው

የአክስቴ ልጅ ግማሽ ያህሉ ኪሳራ ከኦፕሽን ነበር። አክስቴ ከጎናችን ተቀምጣ ፍም እየቆሰቆሰች ታዳምጥ ነበርና «ይህ ኦፕሽን የምትሉት ምንድን ነው?» አለች። ቀብድ ብዬ ጀመርኩ።

በሬ የሚገዛ ሰው «በ90,000 ብር ተስማምተናል፤ እስከ በዓሉ ድረስ ለሌላ እንዳትሸጥብኝ» ብሎ 5,000 ብር ቀብድ ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ካለ መጥቶ ይወስዳል። ከወረደ ወይም ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ትቶ ይቀራል። የመግዛት ኦፕሽንም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የመግዛት መብት። የመሸጥ ኦፕሽን ደግሞ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው። ለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ አረቦን እንበለው። ሁለት ልዩነት ግን አለ። ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰባል፣ አረቦን ግን ከዋጋው በላይ የሚከፈል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ተቀባይ ውሉን ከሰረዘ እጥፉን ይመልሳል፤ ኦፕሽን የሸጠ ሰው ግን እጥፍ መልሶ መውጣት አይችልም፣ ገዢው መብቱን ከጠየቀ የግድ ይፈጽማል።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። አንድ የኦፕሽን ውል በተለምዶ 100 አክሲዮን ይይዛል። በ50 ዶላር የመግዛት መብት ለማግኘት 300 ዶላር አረቦን ከፈልክ እንበል። ቀኑ ሳይደርስ በ80 ዶላር ብትሸጠው 220 ዶላር ኪሳራ ነው። ቀኑ አልፎ ዋጋ ቢስ ሆኖ ቢቀር ሙሉው 300 ኪሳራ ሆኖ የሚመዘገበው ውሉ ባለቀበት ቀን ነው፤ ለዚህ መሸጥ አያስፈልግም። መብቱን ተጠቅመህ አክሲዮኑን ብትገዛ ግን 300ው ኪሳራ አይደለም። አክሲዮኑ የገባበት ዋጋ 5,000 ሲደመር 300፣ 5,300 ይሆናል። የአክስቴ ልጅ በራሱ ማስታወሻ ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት አረቦኖችን እንደ ኪሳራ ጽፎ፣ አክሲዮኖቹን ደግሞ ያለ አረቦኑ ዋጋ መዝግቦ ነበር። ያ ስሕተት አንድን ገንዘብ ከዓመት ዓመት ያቀያይራል፤ ሲሸጣቸው ያላተረፈውን ትርፍ ያሳየዋል።

የመሸጥ መብት ገዝተህ ብትጠቀምበት ደግሞ አረቦኑ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ይቀነሳል።

በሌላ በኩል አረቦን የተቀበለው ሰው አለ፤ ቀብድ ተቀብሎ የጠበቀው ባለ በሬ። ገንዘቡ ጥቅምት ላይ ኪሱ ቢገባም ያን ዕለት ግብር የለበትም፤ ውሉ እስኪዘጋ ይጠበቃል። ጥር ላይ ሳይጠየቅ ካለፈ ትርፉ የሚቆጠረው ጥር በሚውልበት የግብር ዓመት ነው፣ ጊዜው የቱንም ያህል ቢረዝም የአጭር ጊዜ ትርፍ ይባላል። የመግዛት መብት ሸጦ ከተጠየቀ፣ አክሲዮኑን የሸጠበት ገንዘብ 5,000 ሳይሆን 5,300 ነው። የመሸጥ መብት ሸጦ አክሲዮኑን እንዲገዛ ከተገደደ፣ የገዛበት ዋጋ 4,700 ተብሎ ይያዛል።

በአንድ አክሲዮን ላይ ሁለት ተቃራኒ ውል ይዞ አንዱን በኪሳራ መዝጋት፣ አትራፊውን ግን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሳደር የሚፈልግም አለ። ሕጉ ይህን ቀድሞ አስቦበታል፤ በክፍት ባለው ውል ላይ ያልተነካ ትርፍ እስካለ ድረስ በዚያው መጠን ኪሳራው እንዲዘገይ ያደርጋል።

የጠፋው 1,200 ዶላር

ወደ ታኅሣሡ ነገር ልመለስ። የአክስቴ ልጅ በራሱ ቆጠራ የከሰረው 42,200 ነበር፤ ወረቀቱ የሚለው 41,000። «1,200ውን በሉብኝ» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። መስመር በመስመር ስንፈልግ አገኘነው። 100 አክሲዮን በ50 ዶላር ገዝቶ፣ ታኅሣሥ 15 በ38 ሸጧል፤ 1,200 ኪሳራ። ታኅሣሥ 27፣ የገና ዋዜማ ሲቃረብ፣ ዋጋው ሲያንሰራራ አይቶ ያንኑ አክሲዮን 100ውን በ40 መልሶ ገዝቷል።

አሜሪካኖቹ ይህን «ዋሽ ሴል» ይሉታል። አክሲዮን በኪሳራ የሸጠ ሰው ከሽያጩ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ያንኑ ወይም በእጅጉ ተመሳሳይ የሆነውን ከገዛ፣ ኪሳራው በዚያን ጊዜ አይቆጠርለትም። የሽያጩ ቀን ሲደመር 61 ቀን ነው። የሕጉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ንብረቱ እጅህ ላይ ካለ ከሰርኩ አትበል። የመግዛት ኦፕሽን መግዛትም እንደ መልሶ መግዛት ይቆጠራል። ታኅሣሥ 15 የሸጠ ሰው እንዳይነካካው ከፈለገ ገናም ጥምቀትም አልፈው እስከ ጥር 15 ድረስ መታገሥ ነበረበት።

ገንዘቡ ግን አልተበላም። 1,200ው በአዲሶቹ አክሲዮኖች ዋጋ ላይ ተደምሯል። በ4,000 ዶላር የገዛቸው 5,200 እንደወጣባቸው ይያዛል፤ የቀድሞው የይዞታ ጊዜም አብሮ ይቆጠርላቸዋል። ነገ በ43 ቢሸጣቸው 4,300 ይገባዋል፣ ኪሳራው 900 ይሆናል። እውነትም ከኪሱ የጎደለው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ 1,200 ከስሮ ኋላ 300 አትርፏልና። ኪሳራው ከባለፈው ዓመት ወደ ዘንድሮ ተሸጋገረ እንጂ አልጠፋም። ይህን በወረቀት ጀርባ ላይ አስልቼ ሳሳየው ፊቱ ፈካ አለ።

ለዘለዓለም የሚጠፋበት መንገድ ግን አለ፤ ደጋግሜ የምናገረውም ስለዚህ ነው። በተራው ሒሳብህ በኪሳራ ሸጠህ፣ በእነዚያው ቀናት ውስጥ አይአርኤ በሚሉት የጡረታ ቁጠባ ሒሳብህ ውስጥ ብትገዛው፣ ኪሳራው አይቆጠርም፤ በጡረታው ሒሳብ ዋጋ ላይም አይደመርም። አይአርኤስ ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 በግልጽ ወስኗል። ደግሞ የትዳር ጓደኛ መግዛትም እንደ ራስ መግዛት ነው። ባል በኪሳራ የሸጠውን ሚስት በራሷ ሒሳብ ብትገዛ ሕጉ ይይዘዋል። ለወንድም፣ ለእህት፣ ለወላጅ ወይም ለልጅ በኪሳራ መሸጥ ደግሞ በሌላ ድንጋጌ ኪሳራውን ያስቀረዋል።

የሚያሳስበኝ 1099-ቢው ይህን ሁሉ አለማሳየቱ ነው። ድርጅቱ እንዲያሳውቅ የሚገደደው በአንዱ ሒሳብ ውስጥ የተሸጠና እዚያው መልሶ የተገዛ አንድ ዓይነት ሰነድ ሲኖር ነው። በሌላ ድርጅት ያለህን ሒሳብ፣ የጡረታህን፣ የሚስትህን አያይም። ይህን አሰባስቦ የማስተካከል ግዴታው የግብር ከፋዩ ነው። ወረቀቱ ላይ ስለሌለ የለም ማለት አይደለም።

የተለየ ሕግ ያላቸው

ሁሉም ኦፕሽን በአንድ ሕግ አይሄድም። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ የሚጻፈው እስካሁን እንዳልኩት ነው። እንደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ባለ ሰፊ የገበያ መለኪያ ላይ የሚጻፈው ግን የታክስ ሕጉ አንቀጽ 1256 ውስጥ ይወድቃል። እዚያ ውስጥ ያለ ውል ባይዘጋም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን በዕለቱ ዋጋ እንደተሸጠ ይቆጠራል። ትርፉም ኪሳራውም 60 በመቶው የረጅም፣ 40 በመቶው የአጭር ጊዜ ተብሎ ይከፈላል፤ ለአንድ ቀን ብቻ ቢያዝም። 10,000 ብትከስር 6,000ው ረጅም፣ 4,000ው አጭር ነው። ኪሳራውን ወደ ኋላ እስከ ሦስት ዓመት መልሶ፣ በዚያን ጊዜ ከተመሳሳይ ውሎች ከተገኘ ትርፍ ጋር ማካካስም ይቻላል። ለተራው አክሲዮን ይህ ወደ ኋላ የመመለስ መብት ለግለሰብ የለም።

የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ የሰማው ሌላ ነገር ነበር፦ «ነጋዴ ነኝ ካልክ ሁሉም ይቀነሳል።» እውነትነት አለው፣ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ግብይቱ በርከት ያለ፣ መደበኛና ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ ከሥራ መልስ በስልክ የሚደረግ ግዢና ሽያጭ እዚህ ደረጃ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 475 የሚፈቅደውን በዕለት ዋጋ የመመዘን ምርጫ በወቅቱ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን የመረጠ ነጋዴ ኪሳራው ተራ ኪሳራ ይሆንለታል፤ የ3,000 ጣሪያም የ30 ቀኑም ሕግ አይነካውም። ይሁንና ምርጫው የሚደረገው የቀደመው ዓመት ማስታወቂያ በሚቀርብበት ቀን፣ በተለምዶ ሚያዝያ 7፣ ሳያልፍ ለተያዘው ዓመት ነው። ከከሰሩ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ መምረጥ አይቻልም። የአክስቴ ልጅ ያለፈው ዓመት ኪሳራ በዚህ መንገድ አይድንም፤ የሚሻገረው 20,000ም ምንጊዜም የካፒታል ኪሳራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምርጫ የሚጠቅመው አስቀድሞ አስቦ ግብይቱን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ብሎ ሥራውን ሊለቅ አያስብም፣ እኔም አልመከርኩትም።

አንድ ጎረቤታችን ነገሩን ሰምቶ «እኔም ከዚህ ሆኜ የአሜሪካን አክሲዮን ብገዛና ብከስር ከማን ላይ ነው የምቀንሰው?» ብሎ ጠይቆኛል። የአሜሪካ ዜጋም የመኖሪያ ፈቃድ ባለቤትም ያልሆነ፣ እዚያም የማይኖር ሰው ከአክሲዮን ሽያጭ ለሚያገኘው ትርፍ በጥቅሉ ለአሜሪካ ግብር አይከፍልም። ትርፉ የማይጠየቅበት አገር ኪሳራውንም አይቆጥርለትም። ዜጋ የሆነ ግን ደሴ ተመልሶ ቢኖርም ለአሜሪካ ማሳወቁን ይቀጥላል፤ ኪሳራውም መሻገሩን።

ስለ አገራችን ሕግም በአጭሩ ልበል፤ ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯልና፣ ደሴ ውስጥ የባንክ አክሲዮን የያዘው ሰውም ብዙ ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 59 የማይንቀሳቀስ ንብረትን በአንድ ምድብ፣ አክሲዮንና ቦንድን በሌላ ምድብ አስቀምጧል። ከአንዱ ምድብ የመጣ ኪሳራ የሚካካሰው ከዚያው ምድብ በተገኘ ጥቅም ብቻ ነው። አክሲዮን ሽጦ የከሰረ ሰው ቤት ሸጦ ካገኘው ጥቅም ላይ ኪሳራውን አይቀንስም፤ ከደመወዙማ ጨርሶ አይታሰብም። የአሜሪካው ጠባብ በር እንኳን እዚህ የለም። የንግድ ሥራ ኪሳራ በሌላ አንቀጽ፣ እስከ አምስት ዓመት የሚሻገር ሌላ ነገር ነውና አታቀላቅሉት። አዋጁ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን አክሲዮኑን የገዛችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ የምስክር ወረቀቱ አላቸው፣ የከፈሉበት ደረሰኝ የላቸውም፤ በስንት እንደገባ ያልታወቀ ንብረት ደግሞ በስንት እንደከሰረ ማስረዳት አይቻልም።

የዚያን ዕለት ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወረቀቱን እንደገና ስናየው የሽያጮቹን ቀን በአንድ ረድፍ ጻፍኩ። ከጎኑ የ30 ቀናቱን መጀመሪያና መጨረሻ። «ባለቤትህ የራሷ ሒሳብ አላት?» አልኩት።

«አላት። በሌላ ድርጅት ነው።»

«ይህንኑ አክሲዮን ትገዛለች?»

ዝም አለ። እኔ ነኝ የመከርኳት አለ ቀስ ብሎ።

እንግዲያው ሒሳቡ ያለ እሷ አይዘጋም። የገዛችበት ቀን ከነዚህ ረድፎች በአንዱ ውስጥ ከወደቀ ከ41,000ው ላይ የሚወርድ አለ፤ የእሷም አክሲዮኖች ዋጋ መስተካከል ይኖርበታል። ማስታወቂያውን ደግሞ አብረው ነው የሚያቀርቡት፤ ፊርማዋ ከፊርማው ጎን ይቀመጣል። ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር፣ እዚያ እኩለ ቀን። ስልኩንና ቀኖቹን የጻፍኩባትን ወረቀት ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የመጀመሪያዋን ቃል ሰማሁ፤ ስሟን ጠርቶ «ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ» አላት። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁለት።